ሚስተር ኤድጋር ያዩት ቀይ መብራት

ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ የሚስተር ኤድጋር ኮትስ እጆች ሥራ ላይ ናቸው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ይነጠፋል፤ ጋዜጣው ላይ ከወንበር እግር ጠርበው የሠሯት የፍሬን እጀታ ትጋደማለች፤ እሳቸውም ዘይት በነካ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ይወለውሏታል። እጀታዋ በሽቦ ኮምፒውተር ላይ ተሰክታ የሌለ ባቡር ታቆማለች። የሌለ ባቡር ነው ብሎ ፍሬኑን አቧራ የሚያስበላ ሰው ግን፣ እንደ ሚስተር ኤድጋር አባባል፣ "ነገ ያለውንም ባቡር ገደል ይከታል።"

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት አገር የለም። ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ቤት ሄዶ የሬሳ ሣጥኑ ምስማር ጠማማ ነው የሚለው እሱ ነው። ፈጣሪ በሰባተኛው ቀን ሲያርፍ፣ ተነሥቶ የስድስቱን ቀን ሥራ የሚመረምረውም እሱ ነው። አቃቂር ካላወጣ የበላው አይፈጭለትም። ሚስተር ኤድጋር የሚኖሩባት ዳርሊንግተን የባቡር ከተማ ስለሆነች የእኛው ሰው አቃቂር የሚያወጣው በባቡር ላይ ነው።

እህታቸው ዊኒ ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከእሳቸው ጋር ትኖራለች። ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ በሦስት ዓመት ይበልጧታል። "በእውነተኛው ባቡር እንዲህ አይደረግም!" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማች ብትጠየቅ፣ በዕድሜዋ የሠራቻቸውን ሹራቦች ክር በክር መቁጠር ይቀላታል።

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስምንት ጡረተኞች በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን አለ፤ በየተራ እየተቀመጡ በኮምፒውተር ጨዋታ የአገራቸውን ባቡር ይነዳሉ። ጨዋታው ጉድ ነው፤ የወንበሩ ጨርቅ እንኳ ሳይቀር እውነተኛውን ይመስላል። ለሚስተር ኤድጋር ግን አይመስልም።

"ይሄ የዝናብ መጥረጊያ ድምፁ የአውቶቡስ ነው!" ይላሉ።

በርናርድ የሚባለው የቀድሞ ሥጋ ሻጭ ባቡሩን ጣቢያ ላይ ገጭ አድርጎ ሲያቆም ደግሞ ከወንበራቸው ይነሣሉ።

"ጨረስካቸው እኮ!"

"ማንን?"

"መንገደኞቹን! ሻይ የያዘ የለም? ባቡሩ ሊቆም ሲል ፍሬኑን ለቀቅ ታደርጋለህ። መቆሙን ሰው ሳያውቅ ነው የሚቆመው። በእውነተኛው ባቡር እንዲህ አይደረግም!"

"ኤድጋር፣ መንገደኞቹ ሥዕል ናቸው።"

"ሥዕልም ቢሆኑ ይቃጠላሉ።"

አንድ ጊዜማ ከአንድ ጣቢያ አልነሣም ብለው አራት ደቂቃ ቆሙ። በሩ ቶሎ ተዘጋ፤ ዱላ የያዘች አሮጊት ቀርታለች አሉ። አሮጊቷን ሌላ ያያት ሰው አልነበረም።

ለጨዋታው ሠሪዎች በየሳምንቱ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ በእጅ፣ ስህተቱ ሁሉ በተራ ቁጥር ተዘርዝሮ። ሐሙስ ከአዳራሹ ሲመለሱ፣ የአሥራ አንድ ሰዓቱ የፖስታ መኪና ሳይመጣ፣ መንገድ ተሻግረው ሣጥኑ ውስጥ ይከቱታል። በስድስት ዓመት አንድም ሐሙስ አስታጉለው አያውቁም። አንድ ጊዜ መልስ መጣላቸው። በመልሱ ውስጥ ሁለት የፊደል ግድፈት አግኝተው፣ አርመው መልሰው ላኩት።

የራሳቸው ስህተትስ? እሱ የለም። ጣቢያውን አልፈው ከቆሙ ሠሪዎቹ ጣቢያውን አሳጥረውታል። ከዘገዩ ሰዓቱ የተበላሸ ነው። "ጥፋቱ የሠሪዎቹ ነው" ይሉና እጀታዋን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ዊኒ ይህን ሁሉ ዘመን ስትኖር ወንድሟ "አጠፋሁ" ሲል ሰምታ አታውቅም።

ክበቡ ያላስተዋለው አንድ ነገር ግን አለ። ሚስተር ኤድጋር ስለ ጥሩምባው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ሐዲዱ ድምፅ ሲዘበዝቡ ይውሉና፣ ስለ መብራቶቹ ቀለም ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ምክንያቱን የምታውቀው ዊኒ ብቻ ናት። ኤድጋር ልጅ ሳለ እናቱ እንጆሪ ልቀም ብላ ብትልከው ግማሹን ጥሬ ለቅሞ መጣ። በጥፊ አለችው። በማግስቱ ዊኒ ተከትላው ጓሮ ወረደችና "ይሄን፣ ይሄን ተው፣ ይሄን" እያለች አስለቀመችው። ቀዩንና አረንጓዴውን አይለይም ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ባቡር ነጂ ልሁን ብሎ ሲሄድ፣ በቀለም ነጠብጣብ የተሞላ መጽሐፍ ገልጠው "ምን ቁጥር ይታይሃል?" አሉት። ምንም አልታየውም። የዚያን ዕለት ከከሰል ማስቀመጫው ኋላ ተቀምጦ ሲያለቅስ ያየችው ዊኒ ናት። ለሰው ግን "ሰጥተውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የተውኩት" አለ። አርባ አንድ ዓመት ትኬት ቢሮ ሲሠራም ቃሉ ያው ነበር፤ ዛሬም ያው ነው።

ጨዋታው ከፊት ያለውን መብራት ቀለም በጽሑፍ የሚያሳይ መርጃ ነበረው። ክበቡ በተመሠረተ በሁለተኛው ሳምንት ሚስተር ኤድጋር ተነሥተው "ይህ የሕፃን ጡጦ ነው! ነጂ ዓይኑን ነው የሚያምነው!" ብለው በድምፅ ብልጫ አስጠፉት። ወደ ቤት ሲመለሱ ዊኒ መንገዱ አጋማሽ ላይ ቆም አለች።

"አሁን በምን ልትነዳ ነው?" አለች።

ሚስተር ኤድጋር የጫማቸውን ጫፍ እያዩ "የኛ ዊኒ፣ ሹራብሽን ይዘሽ ብትመጪ ምን አለበት?" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዊኒ ከወንበራቸው ኋላ ትቀመጣለች። የሹራብ መርፌዎቿን አንዴ ካጋጨች ቢጫ፣ ሁለቴ ካጋጨች ቀይ፣ ዝም ካለች አረንጓዴ። ነጂውን የሚያነቃው ጥሩምባ ለቢጫውም ለቀዩም አንድ ዓይነት ስለሚጮህ፣ ያለ መርፌዎቹ መላ የለም። ስድስት ዓመት አንድ ቀን አልሳቱም። በርናርድ "ይሄ ኳኳታ ራሴን አዞረኝ" ከማለት በቀር የጠረጠረ አልነበረም።

ከፋሲካ ወዲህ ግን ዊኒ የምታየው ነገር ሁሉ መሃሉ ይጠፋባት ጀመር። ሰው ስታይ ሁለቱ ጆሮዎቹ አሉ፤ ፊቱ የለም። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ እየባሰ ይሄዳል አላት። ለወንድሟ አልነገረችም። ብትነግረው መንዳቱን ይተዋል፤ መንዳቱን ከተወ ሐሙስ ይቀርበታል፤ ሐሙስ የቀረበት ኤድጋር ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈለገችም። ስለዚህ አንገቷን አጋድላ በዓይኗ ጠርዝ ማየት ለመደች። የመንገዱንም መብራቶች እንደ ጸሎት በቃሏ ያዘች፤ ከድልድዩ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከጡብ ፋብሪካው ቀጥሎ አሁንም ቢጫ። ለልደቱ የሠራችለት አረንጓዴ ሹራብ አንደኛው እጅጌ ቡናማ ሆኖ ወጣ። እሷ አላየችውም፤ እሱ አልለየውም። ክበቡ ሲሳሳቅ ሚስተር ኤድጋር "እህቴ ናት የሠራችው" ብለው ደረታቸውን ነፉ።

በመከር ወራት የክበቡ ሰብሳቢ ክላይቭ ታልቦት ወሬ ይዞ መጣ። ክላይቭ ሠላሳ ስምንት ዓመት እውነተኛ ባቡር የነዳ ሰው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በጎ ፈቃደኞች የሚንከባከቡት አሮጌ መስመር አለ፤ ከክበቡ ያለ አንድ ጥፋት ጉዞውን የጨረሰ ሰው በዚያ መስመር ላይ ባቡር፣ እውነተኛ ባቡር፣ አንድ ማይል ይነዳል።

"ምልክቱስ?" አሉ ሚስተር ኤድጋር። ድምፃቸው ቀጠነ።

"እዚያ መብራት አያስፈልግህም። ግንድ ላይ የተሰቀለ ክንድ ነው። ከተጋደመ ትቆማለህ፣ ከተነሣ ትሄዳለህ።"

የዚያን ቀን ሚስተር ኤድጋር አንድም አቃቂር ሳያወጡ ቤታቸው ገቡ። ዊኒ ያመማቸው መሰላት። ሻይ ስትቀዳላቸው እጇን ያዙ።

"ክንድ ነው አለ እኮ፣ የኛ ዊኒ። ክንድማ ይታየኛል።"

ስልሳ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ድምፅ ነበር። እሷም ሐኪሙ ያላትን ዋጥ አድርጋ "ይታይሃል እንጂ" አለች።

በቀጠሮው ሐሙስ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ሁሉ አንድ አንድ እያሉ ወደቁ፤ በርናርድማ ገና ከመጀመሪያው ጣቢያ ሳይወጣ። ሚስተር ኤድጋር የመጨረሻው ነበሩ። አርባ ደቂቃ ነዱ። በየጣቢያው ባቡሩ መቆሙ ሳይታወቅ ቆመ። ክላይቭ ራሱን እየነቀነቀ "እኔም ደመወዝ እየበላሁ እንዲህ አልነዳሁም" አለ።

አንድ ጣቢያ ብቻ ቀረ። ከድልድዩ ቀጥሎ ዊኒ መርፌዋን አንዴ አጋጨች። ቢጫ። ሚስተር ኤድጋር ቀጣዩ ቀይ ነው ብለው፣ ደንቡ እንደሚያዘው፣ ፍጥነቱን ወደ ሃያ አወረዱ። የጡብ ፋብሪካው አለፈ። ዊኒ አንገቷን አጋደለች። የምስር ፍሬ ያህል ትንሽ ብርሃን በዓይኗ ጉም መሃል ጠፋ። በቃሏ የያዘችው ቢጫ ይላል። ክላይቭ ለዛሬ ብሎ አንድ መብራት እንደቀየረ አላወቀችም።

አንዴ አጋጨች።

ወንድሟ ቀይ አይደለም ብሎ ፍሬኑን ለቀቀ። ጥሩምባው ጮኸ፤ ቁልፉን ተጭኖ ዝም አሰኘው። ወዲያው ባቡሩ በራሱ ፍሬን ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ስክሪኑም ጨለመ። በርናርድ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበው፦ "ቀይ መብራት ተጥሷል። ጉዞው ተቋርጧል።"



"ያ ኳኳታ ነው!" አለ በርናርድ። "ያ መርፌ! ስንት ጊዜ ተናገርኩ!"

ክላይቭ ወደ ኤድጋር ጎንበስ አለ። "እውነቱን ነው እኮ። መርፌው አዘናጋኝ በልና አንድ ጊዜ ድገም። የሚቃወም አለ?"

"የለም፣ የለም" አሉ ሽማግሌዎቹ።

ዊኒ የወንድሟን ፊት ፈለገች፤ ሁለት ጆሮዎች ብቻ አገኘች። ጥፋቱ የመርፌዋ ነው እስኪል ጠበቀች። እንዲልም ለመነች፤ ይበል፤ ባቡሩን ይንዳ። "እኔ እኮ..." ብላ አፏን ስትከፍት እጁን አነሣ።

"በእውነተኛው ባቡር" አለ፣ "ቀይ የጣሰ ነጂ ምን አየህ ተብሎ ይጠየቃል። ጠይቀኝ።"

"ተው እንጂ፣ ኤድጋር።"

"ጠይቀኝ!"

"እሺ። ምን አየህ?"

ወንድሟ በሰባ ስምንት ዓመቱ አንድም ቀን አይቶት የማያውቀውን ነገር፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ መሰከረ።

"ቀይ ነበር። ጥርት ያለ ቀይ። እያየሁት ነው ያለፍኩት። ጥፋቱ የነጂው ነው።"

እጀታዋን ነቅሎ በጨርቅ ጠቀለላት። ክላይቭ ኤድጋር የለበሰውን ባለሁለት ቀለም ሹራብ ትክ ብሎ አየ፤ ከዚያ ዊኒን አየ። ሄዶ ካፖርቷን አመጣና አለበሳት።

መንገድ ላይ ኤድጋር ክንዷን ያዘ።

"መቼ ጀመረሽ?"

"ከፋሲካ ወዲህ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እሱን ብነግርህ ቀለሙን ማን ሊነግርህ ነው?"

ጥቂት ሄዱ።

"ደረጃ አለ፤ እግርሽን አንሺ። ብስክሌት ቆሟል፤ ወደኔ ጠጋ በይ።"

"ባቡሩስ፣ ኤድጋር? ክንድ ያለበቱ?"

"አሮጌ ነው። ፍሬኑም ልክ አይሆን።"

"ሰዎቹ በሹራብህ የሚስቁት ለምንድን ነው?"

"ቀንተው።"

ከላይና ከታች የሰው ሥዕል የሚበራበት የእግረኛ መብራት ጋ ደረሱ። የፖስታ ሣጥኑ ከመንገዱ ማዶ ነው። የዊኒ ጉልበት ቶሎ ስለማያሻግራት፣ ሌላ ሐሙስ እሷ እዚህ ትቆማለች፤ እሱ ብቻውን ሮጥ ብሎ ይመለሳል። ሃያ ሦስት ስህተት የተቆጠረበት ደብዳቤ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ነው።

"የላይኛው ሰውዬ ነው የበራው" አላት። "ቁሚ ማለት ነው።" ቆይቶም "አሁን የታችኛው በራ" አለ።

"ሂድ ጣለው እንግዲህ። እጠብቅሃለሁ።"

ለመሻገር ክንዷን መልቀቅ ነበረበት። የላይኛው ሰውዬ እንደገና በራ፤ ደግሞም የታችኛው። የፖስታ መኪናው መጣ። ፖስተኛው ወርዶ ሣጥኑን ከፈተ፣ ያለውን በከረጢት ገለበጠ፣ ቆለፈና ሄደ። ኤድጋር የእህቱን ክንድ እንደያዘ ቆሞ አየው።