መገነዣዬና የግድግዳው ቁም ሳጥን

እኛ ደባርቅ ክረምት ላይ ጉም ዘመድ ነው። ሳይጠሩት ይገባል፣ ሳያስቀምጡት ይቀመጣል፣ ሂድ ቢሉትም አይሰማ። ሰባ ክረምት አብሬው ኖሬያለሁና አልፈራውም። እኔን ያሸነፈኝ፣ ልንገራችሁ፣ ቁም ሳጥን ነው። ለጊዜው ማለቴ ነው።

ልጄ መምህር ነው። የጭቃ ቤቴን አፍርሶ የብሎኬት ቤት ሠራልኝ፤ እግዜር ይስጠው። ሚስቱ ትርንጎ ግን በመኝታ ቤቴ ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ የሚሠራ ቁም ሳጥን ካላስገጠምን አለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ድሮ ልብሴ ከምድጃው በላይ በተወጠረ ገመድ ላይ ይውል፣ ያድር ነበር። ጢስ ጢስ ይሸት እንደሁ እንጂ ሻጋታ አያውቅም። ዘመኑ እኮ ነው አለችኝ። ዘመኑ ከሆነ ምን ይደረጋል? ልብሴን ሁሉ አስገባሁ።

ካስገባሁት አንዱ መገነዣዬ ነው። አትደንግጡ። ስሞት የምጠቀለልበት ነጭ ሸማ ነው፤ ጥጡን ራሴ ፈትዬ፣ ዳባት ላለ ሸማኔ ሰጥቼ ያሠራሁት። እዚህ አገር መገነዣዋን ያላሰናዳች ባልቴት፣ እንግዳ ጠርታ ያልደገሰች ማለት ናት። ጎረቤቶቼ አቡጀዲ ገዝተው አስቀምጠዋል። እኔ በገበያ አቡጀዲ ፈጣሪ ፊት አልቆምም።

ነሐሴ ላይ የቁም ሳጥኑን በር ከፈት ባደርገው ሽታው ገፈተረኝ። መገነዣዬን ሳወጣው የከረመ እንጀራ መስሏል፤ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ። እናንተዬ፣ ሰው ሳይሞት መገነዣው ሲበሰብስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚያ ምክር ዘነበ። ልጄ ስልኩን አገላብጦ ጨው በሳህን ይቀመጥበት፣ ሩዝም ርጥበት ይመጥጣል አለ። ሩዝ ለሰው ሳይዳረስ ለልብስ? ትርንጎ ጉሙ እንዳይገባ በሩ ጥርቅም ብሎ ይዘጋ አለች። ዘጋን። ባሰበት። የነፍስ አባቴ ጠበል ይረጭበት አሉ። አባቴ፣ እሱስ ውሃ አልጎደለበትም አልኳቸው። ሳቁ።

በመጨረሻ የሠራው አናጢ ተጠርቶ አንድ አመሻሽ ላይ መጣ። ሁሉም ባለበት የልቤን ነገርኩት። ግድግዳው ያልበዋል፣ እንጨትህ ሳይደርቅ ነው የመታኸው፣ አንተን ብሎ አናጢ አልኩት። እሱ ግን ግድግዳውን በመዳፉ ደባበሰ፣ በምስማር ጫር ጫር አደረገ። ቀጥሎ መደርደሪያው ላይ የነበረውን ጋቢዬን አንስቶ ጠርዙን ጨመቅ ሲያደርገው፣ ውሃው ጠብ አለ።

"እማማ፣ ግድግዳው ደረቅ ነው" አለኝ። "ይሄ ጋቢ ከየት መጣ?"

ከየት ይመጣል? ከቤተ ክርስቲያን ነዋ። ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን ሳላጓድል አስቀድሻለሁ። በጉም ሄጄ በካፊያ እመለሳለሁ፤ ጋቢዬን እንደ ክብሩ አጥፌ ከመገነዣዬ ጎን አስቀምጥና በሩን ጥርቅም። ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጄ ኮርኒሱን ያይ ጀመር።

ይቅርታ የጠየቅኩ መሰላችሁ?

"ልብስ የማይችል ቁም ሳጥን፣ ምኑን ቁም ሳጥን ሆነው?" አልኩት። "በል፣ ሁለቱንም በር ንቀልልኝ።"

ነቀለ። ትርንጎ ቤቱ እርቃኑን ቀረ ብላ አኮረፈች። ታኩርፍ። አሁን ንፋሱ እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ጋቢዬም ገመድ ተወጥሮለት ሳይደርቅ አይታጠፍም። ይህን ያደረግኩት አናጢው ስለነገረኝ አይደለም፤ ድሮም አውቀው ነበር።

መገነዣው ግን ነገር ሆነብኝ። በእንዶድ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ አረንጓዴው ሲለቅ ጥቁሩ አልለቅ አለ። ትርንጎ ኩርፊያዋን ትታ፣ ድምጿን አለስልሳ መጣች። አቡጀዲ ልግዛልዎ፣ ምን ይታወቃል፣ ዕድሜዎም ብላ ቀሪውን ዋጠችው። ልጨርስላት። ገፍቷል። አዎ፣ ገፍቷል።

በማግስቱ ገበያ ወጥቼ ጥጥ ገዛሁ። እንዝርቴንም ከተሰቀለበት አወረድኩ። አሁን ፀሐይ ስትወጣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ እፈትላለሁ። ባልቴት ያለ መገነዣ አትሄድም፤ ይህን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ሞትም የዚሁ አገር ሰው ነው። ቢመጣም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ደግሞ ቀጭን ነው የምፈትለው። ቀጭን ፈትል አይቸኮልበትም።