መብራቱን የሚያምኑት ጎረቤቴ

አቶ ታደሰ መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሚስታቸው ከመኪናው ኋላ፣ እኔ ከፊት በር አጠገብ ቆመናል፤ ባጃጅ ነጂው ጌቱ በኋላው በር ሥር ተንበርክኳል። ሴቻ ሰፈር፣ ደጃችን ላይ ነን። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ዛሬ ቀትር ላይ ምዕራብ ዓባያ ትቀበራለች፤ ሊያደርሱኝ የተነሡት እሳቸው ናቸው።

መኪናው ግን በር ተከፍቷል የሚል ቀይ መብራት አበራ። በሮቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ታዲያ ማንን እንመን፣ ዓይናችንን ወይስ መብራቱን? እንደ አቶ ታደሰ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ከሆነ መልሱን ታውቁታላችሁ።

“ጋሼ፣ ሽቦ ተነካክቶ ነው፤ ዝም ብለው ይንዱት!” አለ ጌቱ።

“ሳይከፈት ተከፈተ ይላል እንዴ?” አሉ አቶ ታደሰ።

“ትናንትም ዘይት የለም ብሎ ዋሽቷል” አሉ ሚስታቸው።

አራቱንም በሮች እየተፈራረቅን ዘጋን። በዚህ ዕድሜዬ በር መዝጋት እንደ አዲስ ተማርኩ። በመጨረሻ ጌቱ አንዲት ሽቦ ነካ ሲያደርግ መብራቱ ጠፋ። ተመስገን ብዬ ገባሁ።

አቶ ታደሰ ሞተሩን አጠፉ።

“ምነው?” አልኳቸው።

“እትዬ፣ አምፖሉ ተቃጥሎ ቢሆንስ? አሁን በሩ ቢከፈት ማን ይነግረናል?”

ነጠላዬን አስተካክዬ ወረድኩ። ጌቱ ባጃጁን አስነሣ፤ ወደ ሲቀላ መናኸሪያ ሄድኩ።