ጽጌ ሽማግሌ የላከች ዕለት

በሀገራችን ደግ ሰው አልጠፋም። ይህን የምለው ለማመስገን ነው፤ ጥቂትም ለማማረር። ሰው በመንገድ ላይ ወድቆ አይተን አናልፍም፤ ከአራቱም ማዕዘን ተሯሩጠን አንዱ በብብቱ፣ አንዱ በእግሩ፣ አንዱ በቀበቶው ይዘን እናነሣዋለን። ሰውዬው የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ብሎ እንደ ነበረ የምንረዳው ካነሣነው በኋላ ነው። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» የሚለውን አባቶች የተረቱት ለሰነፍ ጎረቤት ይመስለኛል። እንደ እኛ ያለው ትጉህ ጎረቤት ባለቤቱ ሳይጮኽ ይደርሳል፤ ሲረዳው ባለቤቱ ቢጮኽ ደግሞ «ዝም በል፣ እየረዳንህ ነው» ይለዋል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያልንም ስለ መተጋገዛችን እንመካለን። መልካም ብለናል። ሎሚውን ግን ወዴት መሄድ እንደሚወድ የጠየቀው የለም።

«ሎሚ ምን አፍ አለው?» እንደሚሉኝ ዐውቃለሁ። የጽጌን ነገር ላጫውትዎ የተነሣሁትም ስለዚሁ ነው።

ጽጌ የነገሌ ቦረና ልጅ ናት። አባቷ በጦር ሰፈሩ አሥር አለቃ ነበሩ፤ መንግሥት ተለውጦ የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ወደ ትውልድ አገራቸው ሳይመለሱ እዚሁ ቀሩ፣ እዚሁም ዐረፉ። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ የማይታጡ ሴት ነበሩ። ጽጌ በሕፃንነቷ ብርቱ ትኩሳት ይዟት ሲለቃት ሁለቱም እግሮቿ ሰለሉ። ካደገች በኋላ ስፌት ተማረች፤ በእጅ በሚዞር መኪና የተማሪ ደንብ ልብስና የካህናት ቀሚስ ትሰፋለች። በእጅ የሚነዳ ባለ ሦስት እግር ብስክሌትም አላት። የነገሌ መሬት ደረቅና ሜዳማ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ በእርሱ ላይ ከወጣች ገበያውም ቤተ ክርስቲያኑም ቅርቧ ነው።

«ከወጣች» ማለቴ ግን በከንቱ አይደለም። ወይዘሮ አስካለ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ ቤታቸው እንዳይገባ ሲሉ የበሩን ደፍ በድንጋይና በሲሚንቶ ከፍ አድርገው አሠርተውት ነበር። ብስክሌቱ በውጭ፣ ጽጌ በውስጥ፣ ደፉ በመካከል። ጠዋት እናቷ አቅፈው ያሻግሯታል፤ ማታ አቅፈው ይመልሷታል። ጽጌ ወጣች ሲባል ሰው አወጣት ማለት ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ባረፉ ጊዜ ድንኳን ተተከለ፤ ጎረቤቱ፣ የጦር ሰፈሩ ሰው፣ ነጋዴው፣ መምህሩ ሁሉ ተሰበሰበ። በዚያ ድንኳን ልብ ብዬ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ሻይ የሚያድሉት ሰዎች ለእያንዳንዱ እያቀረቡ መጥተው ጽጌ ዘንድ ሲደርሱ፣ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት «ጽጌ ስኳር ታበዛለች?» ብለው ይጠይቃሉ። የሰለለው የጽጌ እግር ነው፤ የሚጠየቀው ጎረቤቷ።

ታላቅ ወንድሟ ታደሰ በቦሬ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እንደ እርሱ ለእህቱ የሚያስብ ወንድም አላየሁም፤ ጭንቁም የመጣው ከዚያው ነው። እናቱ በመጨረሻዋ ሰዓት እጁን ይዘው «እህትህን አደራ» ብለውታል። አደራ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ አደራ በላ መባል በዚህ ዓለም ስምን፣ በወዲያኛው ነፍስን ያሳጣል። ስለዚህ ታደሰ ለአርባው ተዝካር አይሱዙ ተከራይቶ መጣ። የእድሩ ሰዎች ከጸበሉ በኋላ መከሩ። የእድሩ ዳኛ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸውና ነገሩን እንደ ዘመቻ አሰናዱት። ቤቱ ይከራያል። ቦሬ ደጋ ነው፣ ዳገትና ጭቃ ነው፤ ስለዚህ ብስክሌቱ ለሌላ ምስኪን ይሰጣል። ጽጌ በወንድሟ ቤት በክብር ትቀመጣለች፤ የሚያነሣት አለ፣ የሚያስቀምጣት አለ፣ ምንም አትሠራም። ሁሉም ተስማማ። ሁሉም ያልሁት ጽጌን ሳልጨምር ነው፤ ያን ዕለት የጨመራት አልነበረምና።

ሰዉ ተነሥቶ ሲበታተን ጽጌ አስጠራችኝ። ለማጽናናት ያዘጋጀሁትን ቃል ይዤ ገባሁ።

«የኔታ፣ ሽማግሌ ልልክ እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ደስም አለኝ፣ ግራም ገባኝ። ሐዘን ባልወጣለት ቤት ጋብቻ ይታሰባልን? ደግሞስ ሽማግሌ የሚልክ ወንዱ ነው እንጂ ሴቲቱ ናትን? ቢሆንም ሰው ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም አይደለምና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ወደ ማን ቤት ነው ልጄ?» አልኋት።

«ወደ ታደሰ።»

«ማንን ልንለምነው?»

«እህቱን።»

«ለማን?»

«ለእኔ» አለች። «የኔታ፣ ባዕድ ወንድ ቢፈልገኝ ኖሮ በወጉ ይታሰብበት ነበር። ሽማግሌ ይቆማል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ልጅቷስ ምን ትላለች ይባላል። ነገ ጠዋት እኮ እንደ ቁም ሳጥን ልጫን ነው። ልሂድም ከሆነ እንደ ሙሽራ ልጠየቅና ልሂድ።»

በዐቢይ ጾም መፃጉዕ በምንለው ሰንበት የሚነበበው ትዝ አለኝ። ጌታ በመጠመቂያው ዳር ብዙ ዘመን የተኛውን በሽተኛ ባየው ጊዜ፣ ተነሥ ብሎ ከማዘዙ አስቀድሞ መዳን ትወዳለህን ሲል ጠየቀው። ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር፣ መልሱን ሳይጠይቅ የሚያውቅ አምላክ ጠየቀ። የማናውቀው እኛ ግን አንጠይቅም። ፈጣሪ ለሰው ነጻ ፈቃድን የሰጠው እግሩን አይቶ አልነበረም።

ሽማግሌ ሦስት ይሆናልና ወደ ኦቦ ጉዮ ሄድሁ። ኦቦ ጉዮ ከዱብሉቅ ወገን ሆነው ከብት ሲነግዱ ነገሌ ቤት የሠሩ፣ ከወይዘሮ አስካለ ጋር አጥር የሚጋሩ ቦረና ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ጥቂት ሳቁ፤ ወዲያው ሳቃቸውን ትተው በትራቸውን አነሡ። ሦስተኛው ሃምሳ አለቃ ደምሴ ካልሆኑ ነገሩ እንደማይሰምር ስለ ገባን አብረን ወደ እርሳቸው ሄድን። ሃምሳ አለቃ የተወሰነ ነገር ነው፣ መኪናው ቆሟል አሉን። ብቻዋን እንዴት ትኖራለች? ውኃውን ማን ይቀዳላታል?

ኦቦ ጉዮ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው «ደምሴ፣ የዱብሉቅን ጉድጓድ አይተሃል?» አሉ። «እዚያ ብቻውን ውኃ የሚያወጣ ወንድ የለም። ጥልቅ ነው። ሰው ከሥር እስከ ላይ ቆሞ፣ እየዘፈነ ያቀባብላል። ለእኔም ስንቱ አቀብሎልኛል። ግን ውኃ አቀበልሁህ ብሎ ላሞቼን ነድቶ የሄደ የለም።»

ሃምሳ አለቃ ተነሡ። ኮፍያቸውን ፈልገው አደረጉ።

በማግስቱ ጠዋት ታደሰ ፊቱን ሲታጠብ ደረስን። አይሱዙው በግቢው ቆሟል፤ የጽጌ አልጋ ተፈትቶ ላዩ ላይ ታስሯል። በዚያ ግቢ ያልተቀመጥንበት ወንበር አልነበረም፤ ያን ጠዋት ግን እንደ ባዕድ ከውጭ ቆመን የግቢውን በር አንኳኳን። ኦቦ ጉዮ «አካም፣ ናጋ?» ብለው ሰላምታ ሰጡ። ታደሰ አስገብቶን በችኮላ ወንበር ሲያወጣ ከደፉ ወዲህ በመስመር ቆምን።

«ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልሁት።

ይህን ቃል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ታደሰ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ፤ ሳያስበው ልብሱን አስተካከለ።

«እህትህን እንድትሰጠን ልንለምንህ መጥተናል» አልሁ።

«የእናቴ መቃብር ሳይደርቅ?» አለ፤ ቆይቶም፣ ወግ ነውና፣ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«የአሥር አለቃውና የወይዘሮ አስካለ ልጅ ናት። ሙያዋ ስፌት ነው። ጠባይዋን ከእኛ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ስሟ ጽጌ ይባላል፤ ጽጌን ለጽጌ ስጠን።»

ታደሰ ዞር ብሎ ወደ ቤት አየ። አልጋዋ ቀድሟት መኪና ላይ ወጥቷልና ጽጌ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣ ትክ ብላ ታየው ነበር።

ተቆጣ። ቁጣው ረጅም ነበረ፤ ፍርሃት ስለ ነበረ አልፈረድሁበትም። እርሱ ቦሬ ሆኖ እርሷ እዚህ ወድቃ ብትገኝስ? ዘመድስ ምን ይላል? እናቱ ዐርፋ ዓመት ሳይሞላ እህቱን ጥሎ ሄደ አይባልምን? በመጨረሻ ወደ ሃምሳ አለቃ ዞሮ «ትናንት ውሰዳት ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለ።

«ትእዛዙ ተሽሯል» አሉ ሃምሳ አለቃ። ቀጥሎም ድምፃቸውን አለስልሰው «ሰው የሚለውን ለእኔ ተወው። በእድሩ ፊት ቆሜ እመልሳለሁ። ዋሱ እኔ ነኝ» አሉት።

«አደራውስ?» አለ ታደሰ። ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነበር።

«ልጄ» አልሁት «ዕቃ አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን አይጠይቅም፤ ዕቃ አፍ የለውምና። እናትህ አደራ ያሉህ ግን ሰው ነው። አፍ ያለው አደራ ይጠየቃል።»

ታደሰ ደፉን ተሻግሮ ገባና ከፍራሹ ጫፍ፣ ከእህቱ ትይዩ ተቀመጠ። በአንድ ከፍታ ሆነው ሲተያዩ ያን ጊዜ ማየቴ ነው።

«ጽጌ፣ ምን ላድርግልሽ?»

«ደፉን አፍርስልኝ» አለችው። «ከዚያ ለጥምቀት ልጆችህን ይዘህ ና። ስትመጣ አንኳኳ፤ እኔ ወጥቼ እከፍትልሃለሁ።»

«ብትወድቂስ?»

«እጣራለሁ። አንተ ስትወድቅ ምን ታደርጋለህ?»

ከመኪናው አስቀድሞ የወረደው አልጋው ነው። ታደሰ መዶሻ ተውሶ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ እናቱ ያሠሩትን ደፍ በገዛ እጁ አፈረሰ። ያለቅስ ነበር፤ አቧራው ነው ብሎናል፤ እኛም አቧራው ነው ብለናል። ሃምሳ አለቃ ለጎርፉ በቤቱ ዙሪያ ቦይ አስቆፈሩ። የፈረሰው ድንጋይ ተመልሶ ከቤት ወደ ደጅ የሚያወርድ ተዳፋት ሆነ። ሲሚንቶው በደረቀ ጊዜ ጽጌ ከቤት ውስጥ ብስክሌቷ ላይ ተቀምጣ ወጣች። ግቢውን ዞራ ገባች። ደግሞ ወጣች። የትም አልሄደችም። እናንት ደጃችሁን ሳታዩት የምትረግጡ ሰዎች፣ ያን መውጣትና መግባት ብታዩት መዝሙር ይመስላችሁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ተቃና ብዬ አልዋሽዎትም። ውኃ የጠፋበት፣ ሥራ የታጣበት ጊዜ ነበረ። አንድ ቀን ከብስክሌቷ ወድቃ ተጣራች፤ ሰፈርተኛው ሁሉ እንደ ልማዱ በብብቷም በእግሯም ሊይዛት ተረባረበ። እርሷ ግን መሬት ላይ እንዳለች ማን የት እንደሚይዛት ታዝዝ ጀመር። ሃምሳ አለቃ እንኳ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰጥተው እንደማያውቁ መስክረዋል። ለጥምቀት ታደሰ መጣ፤ አንኳኳም።

ወጉን እዚህ ላይ ብጨርሰው ያምርብኝ ነበር። ነገር ግን ጉልበቴ ደከመ። መቋሚያዬ ቀድሞ ለማኅሌት ነበር፤ ዛሬ ለደጅም ሆነ። ወንዱ ልጄ በሻኪሶ ይሠራል፤ ቤት ሠርቷል፣ እግዚአብሔር ይባርከው፣ ክፍልም አዘጋጅቶልኛል። በቀደም ሊወስደኝ መኪና ይዞ መጣ። ሻይ ቀርቦ ስንቀመጥ ልጄ አጠገቤ ወደ ነበረው ጎረቤቴ ዘንበል ብሎ በትሕትና «አባባ ስኳር ያበዛሉ?» ሲል ጠየቀ።

ያን ማታ ወደ ኦቦ ጉዮ ሰው ላክሁ።

በማግስቱ ጠዋት ደጄ ተንኳኳ። ኦቦ ጉዮና ሃምሳ አለቃ ደምሴ በውጭ ቆመዋል፤ ከፊታቸው ጽጌ በብስክሌቷ ላይ አለች። ሴት ለሽምግልና ትሄዳለች ወይ የሚል ሰው ቢኖር ሃምሳ አለቃን ይጠይቅ። ልጄ ደንግጦ ወንበር ያወጣ ጀመር።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ልጄ ግራ ገብቶት ጽጌን አየ።

«እኔን ተወኝ ወንድሜ» አለችው። «ተቀምጬ ነው የመጣሁት፤ አስበህ እስክትመልስ መቆየት እችላለሁ።»