ጋሽ ተራ በተራ

ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካየ ሰልፍ ሳያስይዝ የማያልፍ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አውቶቡስ ሲጠብቅ ከኋላው ያለውን «ወንድም፣ ትንሽ ወደ ቀኝ» ይላል። ሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ የተንጋደደ ሥዕል ሳያቃና አይቀመጥም። ታሞ ሐኪም ቤት ከሄደም የራሱን ሕመም ረስቶ የሌላውን ወረፋ ሲያስተካክል ይውላል። ሹመት የሰጠው የለም፤ ደመወዝም አይከፈለውም። እሱ ግን ለአንድ አፍታ ዓይኑን ቢያነሳ ዓለም ባፍጢሟ የምትደፋ ይመስለዋል።

ይህኛው የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነው። ተማሪዎቹ «ቲቸር» ይሉታል። ባልደረቦቹ በሌለበት «ጋሽ ተራ በተራ» ይሉታል፤ ከአፉ የማትጠፋ ቃል ስለሆነች። ታላቅ እህቱ ግን በፊት ለፊቱ «ክቡር የሰልፍ ሚኒስትር» ነው የምትለው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም ከመቀሷ አይተናነስም። ደግሞም መብት አላት፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ገና ድክ ድክ ሲል በር ላይ የወለቀውን ጫማ ሁሉ በቁመቱ ሲደረድር አይታ፣ «ይሄ ልጅ ወይ ጄኔራል ይሆናል ወይ ዘበኛ» ብላ ነበር። አስተማሪ ሆነ። ሁለቱንም ሆነ ማለት ነው።

ክፍሉ እንደ መንግሥት ነው። ጠዋት ክቡርነታቸው በር ላይ ይቆማሉ፤ ተማሪው ተራ በተራ ጥፍሩንና ፀጉሩን እያስመረመረ ይገባል፤ ቦርሳውን ስሙ ከተጻፈበት ሚስማር ላይ ይሰቅላል። እርሳስ የሚቀረጸው በረድፍ፣ ውሃ የሚጠጣውም በረድፍ ነው። ሰሌዳ የሚያጠፋ፣ በር የሚይዝ፣ መስኮት የሚከፍት ባለሥልጣን በየሳምንቱ ይሾማል፣ ይሻራል። ያልተሾመው ያለቅሳል፤ የተሻረውም ያለቅሳል፤ እንደ ትልልቆቹ ነው። ለክስ ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። «ቲቸር፣ መታኝ» ብሎ የመጣ ሁሉ «ለክስ ሰዓት አቆየው» ተብሎ ይመለሳል። የክስ ሰዓት ከመውጫ ደወል በፊት ነው። እስከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ ተቃቅፈው እርሳስ ሲዋዋሱ ይገኛሉ። «ክስ አለ?» ሲል ክፍሉ ጸጥ ይላል። «ክስና ወተት ሲቆይ ይረጋል» ይላል ያን ጊዜ፣ ደስ ብሎት።

ከክስ ቀጥሎ የቀኑ መዝጊያ ይመጣል፤ «የነገ ነገር» ይባላል። ነገ ማን በር ላይ እንደሚቆም፣ መጀመሪያ ምን እንደሚነበብ፣ ከእረፍት በኋላ ምን እንደሚሠራ ይነግራቸዋል። ወላጆች ይገርማቸዋል፤ ሌላ ክፍል ያለው ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ሲያስቸግር፣ የእሱ ተማሪ ግን «ዛሬ እኮ ክብ የምንስልበት ቀን ነው» እያለ ቀድሟቸው ይወጣል።

የገዛ ልጁ በዕጣ የደረሰችው እዚሁ ክፍል ነው። አዳላ እንዳይባል በሰልፍ ሁሉ መጨረሻ ላይ አቆማት። ግቢ ውስጥ «አባዬ» ማለት የለም፤ እንደ ማንኛውም ልጅ «ቲቸር» ነው። እናቷ ፀጉር ቤት የምትሠራ፣ ከደንበኞቿ ጋር ስትስቅ ድምፅዋ መንገድ ድረስ የሚሰማ ሴት ነበረች። «ልጄን የሰልፍ ጭራ አደረግካት እኮ» ትለዋለች። ማታ ሲገባ ደግሞ መንገዱን ዘግታ ትቆምና፣ «እዚህ ቤት ደወል የለም፤ ደወልህን በር ላይ አራግፈህ ግባ» ትለዋለች።

እህትየው አንድ ጊዜ ለጥየቃ መጥታ ያየችውን ለማመን ቸግሯት ነበር። የሰልፍ ሚኒስትሩ አንድ ካልሲው ወንበር ላይ፣ ሌላው የት እንደገባ ሳይታወቅ፣ ወለሉ ላይ ተንጋሎ ልጁ ሆዱ ላይ ትዘልበታለች። ሚስቱ ምሳውን ረስታ በሳቅ ትንፈራፈራለች። እንዲህ ያለ ዝርክርክ ቤት፣ እንዲህ ያለ የጠገበ ቤት አላየሁም ብላ ለጎረቤቶቿ አውርታለች።

ከዚያ አንድ ቀን ሚስትየው «ራሴን አመመኝ» ብላ ከሥራ ቀድማ ገባች። ማታውን ሆስፒታል ወሰዷት። ስትወጣ የልጇን ጉንጭ ስማ፣ «ነገ እመጣለሁ። ፀጉርሽን እኔ ነኝ የምሠራልሽ፤ ማንም እንዳይነካብኝ» አለቻት።

አልመጣችም።

እህትየው የስፌት መኪናዋን አስጭና መጣች፤ ለጥቂት ጊዜ ብላ። ወንድሟ ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሥራው ተመለሰ። ክፍሉ እንደድሮው ነበር፤ በር ላይ ቆመ፣ ሾመ፣ ሻረ፣ ክስ ጠየቀ። ባልደረቦቹ «ብርቱ ሰው ነው» አሉ። እሷ ግን ብርታት አልመሰላትም። ልጅቷ አታለቅስም፤ ሲያናግሯት ትመልሳለች፤ ሲሰጧት ትበላለች። ፀጉሯን ግን አታስነካም። ማበጠሪያ ስታይ ዓይኖቿ ይፈጣሉ፤ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ከአልጋው ሥር ትገባለች። ፀጉሯ ተቋጠረ፣ ተጣበቀ። ጠዋት በምርመራው ላይ አባቷ የሰላሳውን ልጅ ፀጉር አይቶ የመጨረሻዋ ጋ ሲደርስ፣ ዓይኑን መሬት ጥሎ «እሺ፣ ግቢ» ይላል። ሌሎቹ ልጆች አይተዋል። አንድም ቀን ለክስ ሰዓት አላቀረቡትም።

እህትየውን ያበሳጫት ይህ ሳይሆን የግድግዳው ወረቀት ነው። አንድ ቅዳሜ አባትየው ሰፊ ካርቶን ላይ ሥዕል በተራ ሠርቶ የመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። የሚወጣ ፀሐይ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ሳህን፣ ቦርሳ፣ ደግሞ ሳህን፣ በመጨረሻ ትራስ። ልጅቷ እየቆመች ታየዋለች፤ የታዘዘችውን ትፈጽማለች።

«ወንድምዓለም» አለችው እህትየው፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ። «ይቺ ልጅ እናቷ ናት የሞተችባት። ፈተና ወድቃ መሰለህ?»

«እትዬ፣ ልጅ የሚፈራው ቀጥሎ የሚመጣውን ሳያውቅ ሲቀር ነው። ከሳህኑ ቀጥሎ ትራስ እንዳለ ካየች ትተኛለች።»

«አንተስ ትተኛለህ?»

ወረቀቱ አንድ ጥግ ላይ ተነስቶ ነበር፤ በአውራ ጣቱ ተጫነው።

ያን ጊዜ ቆረጠች። ሰው ቤቱ ውስጥ እንኳ አስተማሪ ከሆነ ይቺ ልጅ አባት የላትም ማለት ነው፤ ይዣት ልሂድ አለች። እኔ ጋ ብትሆን ቢያንስ የሚስቅ ሰው ታያለች። ለእሱ ምንም ሳትነግረው ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች፤ ልጅ ለማዛወር ምን እንደሚያስፈልግ ልትጠይቅ። ርዕሰ መምህርቷ ስብሰባ ላይ ነበሩ። «እስኪወጡ ክፍሉ ጋ ይጠብቁ፤ ሊደወል ነው» አላት ዘበኛው።

ኮሪደሩ ላይ ቆመች። በሩ ገርበብ ብሏል። ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳው አጠገብ ቆሟል፤ ትከሻው ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። ድሮ ሚስቱ ነበረች የምታራግፍለት።

«ክስ አለ?»

ማንም እጁን አላነሳም።

«እንግዲያው የነገ ነገር። ነገ ጠዋት በር ላይ እቆማለሁ። መጀመሪያ እናነባለን። ከዚያ…»

ጥግ ላይ ካለው የመጨረሻ ወንበር አንዲት ትንሽ እጅ ተነሳች። ከቀብሩ ወዲህ ልጅቷ እጇን ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ቲቸር፣ አንተ ካልመጣህስ?»

ክፍሉ ሳቀ። ከቀብሩ ሰሞን በቀር ቲቸር የማይመጣበት ቀን አይተው አያውቁም። ከዚያ ፊቱን አዩና ሳቃቸውን ዋጡት። እህትየው «እንዴት አልመጣም፤ እመጣለሁ እንጂ» ሲል ልትሰማ ጠበቀች። ማንም ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። እሱ ግን አላለውም። «ነገ እመጣለሁ» ያለችውን ሴት እሱም ያውቃታል፣ ልጅቷም ታውቃታለች።

ጠመኔውን አስቀመጠ።

«እኔ ካልመጣሁ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አክስትሽ ትመጣለች።»

በር ላይ የቆመችው አክስት ቦርሳዋን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«አክስቴስ ካልመጣች?»

«የጎረቤት ክፍል ቲቸር ትመጣለች።»

«እሷስ ካልመጣች?»

«ርዕሰ መምህርቷ ይመጣሉ።»

«እሳቸውስ?»

«የበሩ ዘበኛ ይመጣል።»

«እሱስ ካመመው?»

የአስተማሪው ዝርዝር አለቀ። የሕፃናቱ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

«የኔ እናት ትመጣለች» አለ በር የሚይዘው ባለሥልጣን፣ እጁን ሳያነሳ።

«የኔም አባት። የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፤ ከፍ ብለሽ ትቀመጫለሽ።»

«አያቴ ትመጣለች» አለች ሌላዋ፣ «ግን እግሯን ያማታል። ቀስ ብላ ነው የምትመጣው፤ ትጠብቂያታለሽ።»

«እኔ እመጣለሁ» አለች በየቀኑ እርሳስ የሚጠፋባት፣ «መንገዱን ካሳዩኝ።»

ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራ ጀመር። ወንበር ላይ የወጣ ነበር። እህትየው «ተራ በተራ» የምትለዋ ቃል እስክትመጣ ጠበቀች፤ አልመጣችም። ልጅቷ ግን እያንዳንዱን በጥሞና ሰማች፤ ገበያ ወጥታ ዕቃ እንደምትመርጥ ሴት አንዱን እያነሳች ሌላውን እያስቀመጠች። በመጨረሻ ወደ አያትየዋ የልጅ ልጅ ዞረች።

«ቀስ ብላም ቢሆን ትመጣለች?»

«ትመጣለች። ሁልጊዜ ትመጣለች።»

«እሺ» አለችና ተቀመጠች።

ደወሉ ተደወለ። የተሰለፈ የለም። ልጅቷ ተነሳች፣ በወንበሮቹ መካከል አልፋ ሄዳ ግንባሯን አባቷ ሆድ ላይ ደገፈች። «አባዬ» አለችው። አላረማትም። በጠመኔ የነጣ እጁን የተጣበቀው ፀጉሯ አጠገብ አደረሰ፤ ሳይነካት መልሶ ትከሻዋ ላይ አሳረፈው።

ርዕሰ መምህርቷ ከስብሰባ ሲወጡ እህትየውን ኮሪደሩ ላይ አገኟት። «ይፈልጉኝ ነበር አሉ» አሏት።

«ወንድሜን ላየው ነበር የመጣሁት» አለች። «አየሁት።»

ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ለደንበኞቿ ጨርቃቸውን ወደ ሌላ ሰፊ እንዲወስዱ መልእክት ላከችባቸው፤ የስፌት መኪናዋንም ከጥግ አንስታ ብርሃን ያለው መስኮት ሥር አደረገችው። ልጅቷ ለብዙ ጊዜ፣ አንዳንዴ ቁርስ ላይ፣ አንዳንዴ ልትተኛ ስትል፣ ያንኑ ትጠይቃለች። አባቷም ሳይሰለች ከአክስት ጀምሮ እስከ አያትየዋ ይነግራታል። እህትየው ስታልፍ ትሰማለች፤ ስሟ በተጠራ ቁጥር እርምጃዋን ትቀንሳለች። እንዲህ የምትቀልድበት ሰው፣ ሰው ሲጎድልበት የመጀመሪያውን ቦታ ለእሷ እንደሰጣት አታውቅም ነበር። ቀስ በቀስ ጥያቄው አነሰ። ከዚያ ቀረ።

አንድ እሑድ ጠዋት አክስትየዋ የልብስ ጠርዝ ስትሰፋ ልጅቷ መጥታ አጠገቧ ቆመች። እጇ ላይ የእናቷ ማበጠሪያ ነበር።

«አክስቴ፣ ፀጉሬን ትሠሪኛለሽ?»

አክስትየዋ መኪናውን አቆመች። ምንም አልጠየቀቻትም። በውሃ አርሳ፣ ዘይት ቀብታ፣ ቋጠሮውን አንድ ባንድ በጣቷ ፈታች። ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። የማይፈታውን በመቀስ ቆረጠችላት፤ የቀረውን ጎነጎነችላት። ስትጨርስ ልጅቷ መስታወት ፊት ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ልትጫወት ወጣች።

ከምሳ በኋላ ወንድምና እህት ሳህን እያጠቡ ነበር። በመስኮቱ በኩል ልጅቷ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትሯሯጥ ትታያለች፤ አዲሱ ጉንጉን ጀርባዋ ላይ ይዘላል። እሱ እጁን ውሃው ውስጥ እንደነከረ ቆሞ ያያታል።

«ገባት ማለት ነው» አለ። «እናቷ እንደማትመጣ።»

«ገብቷታል።»

«እኔ ግን እትዬ» አለ፣ ክፍል ውስጥ እጁን አንስቶ እንደሚናገር ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አልገባኝም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን የምትለው አታጣም ነበር። ሳህኑን ከእጁ ወሰደችበት። «ቁጭ በል» አለችው። ወንበር ስባ አስቀመጠችው፤ ትከሻው ዝም ብሎ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጀርባዋን ሰጠችው፤ ሰው እያየው ማልቀስ እንደማይሆንለት ከልጅነቱ ታውቃለች። የቀሩት ሳህኖች ጥቂት ነበሩ። ቶሎ እንዳያልቁባት እያንዳንዱን ቀስ ብላ፣ አንዳንዱንም ደግማ አጠበች።