ሐይቅ ሳያዩ ጀልባ የሚያውቁ

በፈረንጅ 2013 ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ያላየውን የሚያስተምር ሰው እናንተ ሰፈር የለም? ሞያሌ ሞልቷል።

ዓሣ አጥማጁ ጋልቾ ጀልባውን በሎሪ ጭኖ ወደ ቱርካና ሐይቅ ሲያልፍ፣ የሞተር መስቀያውን ከኋላ ሳንቃው ላይ እንድገጥምለት ጋራዤ ደጅ አወረደው። መሰርሰሪያውን ሳነሳ ሌላ ሎሪ የሚነዳው ጎረቤቴ በቀለ ደረሰ።

"ጋሼ፣ ጀልባ ይበሳል እንዴ?"

"ሐይቅ አይተህ ታውቃለህ?"

"ውሃ ግን አውቃለሁ።"

የጋልቾ ፊት ጠቆረ። "ልጆቼን ነው የምጭንበት፤ ውሃ ካስገባስ?" አለኝ።

ሐይቅ በሌለበት በምን ይሞከራል? ሳንቃውን በስቼ መስቀያውን በብሎን አሰርኩና ብሎኖቹን በጎማና በሬንጅ አጠበቅኩ፤ የጀልባውን ኋላ ዝቅ አድርጌ የቤቴን ውሃ ሁሉ፣ በዚያ ድርቅ፣ ብሎኖቹን እስኪሸፍን ውስጡ ገለበጥኩ። በቀለ ሥሩ ተኝቶ ጠብታ ጠበቀ። እስኪመሽ አንዲትም አልወረደች።

"ከውጭ ሲሆን ይለያል" አለ በቀለ፣ ሱሪውን እያራገፈ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃውን በጀሪካን መልሼ ቀዳሁና የበቀለን ፍየሎች አጠጣሁ። እነሱ ሳይከራከሩ ጠጡ።