ጎማዬ የተነፈሰ ለታ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ከዳንግላ ደወለልኝ። የአስፋልት ሞተር ገዝቷል፤ ሥራው ግን ገጠር ለገጠር ነው። «የቱን ጎማ ላስገባበት? አንተ በዚህ ነገር ታውቃለህ አሉኝ» አለ። አሉኝ! ማናቸው ያሉት? ጆሮዬ ጋለ። «ኔትወርክ እየተቆራረጠ ነው» ብዬ ዘጋሁበት። ኔትወርኩ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም።

ለሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። በማያውቁት ሰው ፊት ማፈር ይቀላል መሰለኝ።

መጀመሪያ ግን የተበደልኩትን በደል እወቁልኝ። ሳላወራው ውዬ ስለማላውቅ ከአፌ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። በእንስሳት ጤና በዲግሪ ተመረቅሁ፤ ያውም በማዕረግ። እዚሁ አዊ ውስጥ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ተመደብኩ። በዓመቱ ለክፍላችን አንዲት የመስክ ሞተር መጣች። ቁመቷ ረጅም፣ ጎማዋ ጥርሳም፣ ጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎዋ ከጎማዋ በላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ ጭቃ ደፍሮ የማይዛት። ለማን ተሰጠች? ለአዱኛ። አዱኛ ማን ነው? ዲፕሎማ! እሱ በሷ ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር፣ ገበሬው «ሐኪሙ መጣ» እያለ ሲቀበለው፣ እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ እሱ ያከመውን ላምና በግ በሰንጠረዥ ስደረድር ስምንት ዓመት አለፈ። ይህን ታሪክ ፀጉር አስተካካዬ በቃሉ ይወጣዋል። አንዳንዴ እኔ ስዘነጋ እሱ ያስታውሰኛል።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት የራሴን ሞተር ገዛሁ። የአስፋልት ሞተር፤ ዝቅ ያለች፣ የምታብለጨልጭ። ለገጠር ሥራ ለምን የአስፋልት ገዛህ ትሉኝ ይሆናል። ስለምታምር ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብፈልግ ግን በሦስት ገጽ ጽፌ አቀርብላችኋለሁ፤ ስምንት ዓመት የሠራሁት እሱን ነው።

ከገዛኋት በኋላ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። የአዱኛ ሞተር የምትገባበት ሁሉ መግባት አለባት። ስለዚህ ከእንጅባራ ይዣት ዳንግላ ወረድኩ፤ ጌትነት የሚባል ጎሚስታ ዘንድ።

ጌትነት ጨዋ ሰው ነው። «ጋሼ፣ የት የት ነው የሚሄዱባት?» አለኝ። ገጠር አልኩት። ሦስት ዓይነት ጎማ አውጥቶ ደረደረልኝ። አንደኛው ለስላሳ፣ ለአስፋልት። ሁለተኛው ጥርሱ መካከለኛ፣ ከሁለቱም መንገድ ጋር የሚስማማ። ሦስተኛው ጥርሱ እንደ መንጋጋ የተገተረ፣ ለጭቃ ብቻ። «ለርስዎ መካከለኛው ይበቃል» አለ። «ከአስፋልት ሲወጡ ንፋሱን ትንሽ ቀነስ ያደርጉታል፣ ያኔ መሬቱን ይይዛል። ፓራፋንጎውንም ከፍ እናደርገዋለን። ሌላ ነገር አይንኩባት።»

ምክሩ ይኸው ነው። ወዳጄ የጠየቀኝ ሁሉ እዚህ ላይ ያልቃል። እኔ ግን ጣቴን ወደ መንጋጋው ቀሰርኩ። «ጋሼ፣ ይሄ ለዚች ሞተር ይወፍራል» አለኝ። ምን ብለው ጥሩ ነው? «ስንት ክፍል ተምረሃል?» አልኩት። አሁን ይህን ስጽፍ እጄ ሊታዘዘኝ አልፈለገም።

ጌትነት አልተቆጣም። ጎማውን በእጁ እያሽከረከረ፣ «እኔ ከስምንተኛ አላለፍኩም፤ ይሄም ጎማ ጭቃ ሲይዝ በዚህ ፓራፋንጎ ሥር አያልፍም» አለኝ። አጠገቡ የቆሙት ሳቁ። እኔ አስገባው፣ ፓራፋንጎውንም አትንካው አልኩ። ንፋሱንም እስኪደነድን ሙላው አልኩ። ሞላው።

እንጅባራ ስመለስ ደግሞ በያጅ ቤት ገባሁ። መሪዋን አስረዘምኩ። ከሆዷ ሥር ወፍራም ላሜራ አስበየድኩ። የጭስ ማውጫዋንም ጫፍ አስቆረጥኩ። ይሄኛው ለምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ድምፁ ግን ትልቅ ሰው የመጣ ያስመስላል። በአስፋልቱ ላይ ስነዳት ጎማው እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፤ ስታጠፍ ደግሞ ያንሸራትታል። የባጃጅ ሾፌሮች መቼ ያሳልፉኛል? «ጋሼ፣ ትራክተሩ በቀን ስንት ጥማድ ያርሳል?» ይሉኛል። እኔ ቅናት ነው ብዬ አልፋቸዋለሁ።

ሐምሌ መጣ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ አያ ታረቀኝ የሚባሉ በዘንገና ሐይቅ በኩል የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ፈረሰኛ ናቸው፤ በየዓመቱ ፈረሰኞቹ ሲሰበሰቡ ዳማ ባዝራቸውን፣ ሴቷን ፈረሳቸውን፣ ሸልመው ከፊት ከሚጋልቡት አንዱ። «ባዝራዬ ጎተራ ሰብራ እህል በላች፤ ሆዷ ተነፍቶ ትንፈራገጣለች። ደግሞ እርጉዝ ናት። ለአዱኛ ብደውል ብደውል አይገባም» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «የአንተም ሥራ እንደሱ ነው አሉኝ፣ እውነት ነው?» አሉ።

እውነት ነው? ስምንት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ስልክ መጣና እውነት ነው ወይ አለኝ! «መጣሁ» አልኩ። ሆድ የሚያስተነፍሰውን ቧንቧ፣ ፓምፑን፣ መድኃኒቱን በቦርሳ አንግቼ ወጣሁ። ፈረስ ላም አይደለም። ማስመለስ አይችልም፤ የተነፋ ጨጓራው ቶሎ ካልተነፈሰ ይፈነዳል። ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ፈተና ላይ ያገኘሁት ውጤት ይመሰክራል።

ከአስፋልቱ ወጥቼ ቀዩ አፈር ላይ ገና እንደገባሁ የፊት ጎማዬ ጭቃ መሰብሰብ ጀመረ። ጥርሱ ጭቃውን እየዘገነ ወደ ፓራፋንጎው ያቀብላል፤ ፓራፋንጎው አያልፍም ይላል። የጌትነት ቃል ትዝ አለኝ። ከሥር ደግሞ ላሜራዬ የራሱን ድርሻ ያጠራቅማል። የመጨረሻዋ ዳገት ሥር ጎማው ጭራሽ ቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ በጎኗ ተኛች። እኔም አብሬያት።

በእንጨት እፍቃለሁ፣ ሁለት ሜትር ሄጄ ይሞላል። እንደገና እፍቃለሁ። አያ ታረቀኝ ይደውላሉ። «ደርሻለሁ» እላለሁ። አልደረስኩም።

ያኔ ጥርባ ከሚባለው ቀበሌ በኩል ያቺን የማውቃትን የሞተር ድምፅ ሰማሁ። አዱኛ ነው። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ውሎ፣ ሲወጣ የአያ ታረቀኝ ጥሪ ደርሶት ነው የመጣው። ያቺ የመስክ ሞተር አርጅታለች፤ ወንበሯ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኗል። ወረደና አየኝ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ቧንቧውን ይስጡኝና ልቅደም» አለኝ። አንቱ ነው የሚለኝ። በሁለት ዓመት ብቻ ነው የምበልጠው፤ አንቱ እንዲለኝ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

አሁን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ባዝራዋ እየሞተች ነው። ቧንቧው እኔ ጋ ነው። የምትሄድ ሞተር እሱ ጋ ናት። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ቦርሳውን ወደ ደረቴ ሳብኩና «የተጠራሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «እሺ፣ ከኋላዬ ይፈናጠጡ» አለ። «በራሴ ሞተር ነው የምሄደው» አልኩ።

አዱኛ አንድ ጊዜ ወደ አያ ታረቀኝ ቤት አየ። ከዚያ ከኪሱ የአሥር ቁጥር ቁልፍ አውጥቶ የፊት ፓራፋንጎዬን መፍታት ጀመረ። ነቅሎ በትከሻው ላይ በገመድ አሰረው። ጎንበስ ብሎ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አለና «ውይ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ድንጋይ ነው። ያስተንፍሱት» አለኝ። ቫልቩን ነካ ሲያደርገው ንፋሱ እያፏጨ ወጣ። የፊቱን፣ ከዚያ የኋላውን። ጎማው ለስለስ ብሎ መሬቱን አቀፈው። እዚያ ቆሜ የማስበው ምን ነበር መሰላችሁ? ባዝራዋን? አይደለም። ሰው አየኝ ይሆን ብዬ ነበር።

ሞተሬ ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣችው።

ግቢው ስንደርስ ባዝራዋ ተዘርራ ነበር። አያ ታረቀኝና ባለቤታቸው ሊያስነሷት ቢለምኗትም፣ ቢጎትቷትም አልተነሳችም። የኔ የተቆረጠ ጭስ ማውጫ ግን ከአጥሩ ሥር ሲያንባርቅባት በድንጋጤ ብድግ ብላ ቆመች። ሞተሬ ላይ ካሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ የሠራው እሱ ብቻ ነው፤ ለዚህም ብዬ አላስቆረጥኩትም።

ቧንቧውን አወጣሁ። በአፍንጫዋ ማስገባት አለብኝ። እጄ ግን ስምንት ዓመት ሰንጠረዥ የያዘ እጅ ነው። አንዴ ሞከርኩ፣ ሳለች። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ደማች። «አዱኛ» አልኩና ቧንቧውን ዘረጋሁለት። ተቀበለኝ። በአገሩ ቋንቋ በአውንጊ የሆነ ነገር እያጉረመረመላት ቧንቧውን ሲያስገባ ጆሮዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። ከዚያ ያ ሁሉ ንፋስ ከነሽታው ወጣ። «ተነፈሰች!» ብለው አያ ታረቀኝ ግንባሯን ሳሙት።

እጃችንን ስንታጠብ አዱኛ ለአያ ታረቀኝ በአውንጊ አንድ ነገር ነገራቸው፣ ሳቁ። እኔ ከስምንት ዓመት በኋላም በአውንጊ ከሰላምታ አላልፍም። ስለ ጎማዬ እንደሆነ ግን ከእጃቸው ገባኝ፤ ጣታቸውን ጫን ለቀቅ ያደርጋሉ።

ቀጥለው ወደኔ ዞሩና፣ «አንተ የተማርክ ሰው ሆነህ፣ መንግሥት እንደ አዱኛ ያለ ሞተር ሳይሰጥህ ቀረ?» አሉኝ።

ጠየቁኝ እኮ! ምን ላድርግ? ምላሴ ራሱ ጀመረው። ሞተሯ ለኔ ነበረች፣ ዲግሪ እያለኝ፣ ሰው በዝምድና፣ በወሬ… አዱኛ አጠገቤ ቆሞ ፎጣ እየጨመቀ ነው! ልማድ እንዲህ ነው፤ በደለኝ የሚለውን ሰው እንኳ አያይም።

አዱኛ ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ ሞተሯ በተደለደለችበት ስብሰባ ላይ እኔም እኮ ነበርኩ» አለ።

አያ ታረቀኝ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። የገባቸው መሰለኝ። «በል እንግዲህ» አሉኝ፣ «ጎማህም ተነፈሰ፣ ባዝራዬም ተነፈሰች፤ አንተ ቀረህ።»

ተነፈስኩ፤ እውነቱን ነገርኳቸው።

ያን ቀን ስብሰባ ላይ ኃላፊያችን የመጀመሪያ ጥያቄ ያቀረበው ለኔ ነበር። «መስክ ትወጣለህ ወይ፣ ሞተሯን ትረከባለህ ወይ?» አለኝ። ነጭ ጫማ አድርጌ ነበር። «ዲግሪ የያዝኩት ጭቃ ላቦካ አይደለም፤ ለዲፕሎማው ስጡት» አልኩ። በቃሌ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሞተሯን ያየኋት ከሳምንት በኋላ ነው፣ አዱኛ ላይዋ ሆኖ። ስታምር! ከዚያ ቀን ጀምሮ ተበደልኩ።

ረስቼው ነው እንዳልላችሁ። አንድም ቀን አልረሳሁትም። ታሪኩን ባወራሁ ቁጥር እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ እዘላታለሁ። አዱኛ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከተማው ሁሉ የኔን ወሬ ይዞ ሲመጣበት፣ በአንድም ሰው ፊት አላረመውም። ለምን ብዬ በመንገድ ጠየቅሁት። «እርስዎ ያን ያህል ሲያዝኑ ባይ፣ ሌላም ነገር ቢኖር ነው ብዬ» አለኝ። ሌላ ነገር አልነበረም።

ጌትነት ዘንድ ተመለስኩ። መካከለኛውን ጎማ አስገባልኝ፣ ፓራፋንጎውን ከፍ አደረገው፣ ላሜራውን አወለቅሁ። ስንት ክፍል ተምረሃል ስላልኩት ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ «ንፋሱን ስንት ልሙላልዎ?» አለኝ። «አንተ እንዳልክ» አልኩት። ከዚያ በላይ አልወጣኝም። መስክም መውጣት ጀምሬያለሁ፤ ቧንቧ የማስገባው አሁንም አዱኛ ቆሞ እያየኝ ነው።

ባዝራዋ ጥቅምት ላይ በሰላም ወለደች፤ ወንድ፣ እንደ እናቱ ዳማ። ፈረሰኛ ለፈረሱ ስም ሳያወጣ አይውልም። አያ ታረቀኝ «ዲግሪ» አሉት። ለምን ቢባሉ፣ «ሲዘንብ ከጋጣ አይወጣም፤ ጭቃ ሲያይ እግሩን ያነሳል» ይላሉ። ስሙ አገሩን አዳርሷል። ገበያ ላይ «ዲግሪ ዛሬም እምቢ አለ» ሲባል ዞር የምለው እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እንጅባራ ገበያ ላይ አያ ታረቀኝን አገኘኋቸው። እንደምንም ራሴን አደፋፍሬ «ዲግሪ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጭቃ መግባት ለመደ» አሉኝ። ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ፣ «ስምንት ወሩ ነው፤ ስምንት ዓመት አልፈጀበትም።»