ስሙን ደልዤ ቤቱን ላክሁ

ከምሳ በኋላ ያለችውን ሸለብታችሁን ሠውታችሁ አንብቡኝ፤ አላከስራችሁም። ሰው ምስጢር የሚያወጣው በክፋት ይመስላችኋል? ኧረ ገሚሱ በደግነት ነው፤ የቀረው በፍርሃት። እኔ በሁለቱም አውጥቻለሁ።

ሥራዬ የቤት ዋጋ መገመት ነው። ሙያውን ከኢንተርኔት በራሴ ተማርኩ፤ ተማሪውም መምህሩም ፈታኙም እኔ ስለነበርኩ የወደቀ የለም። ታዲያ ሙያችን ደንብ አለው። ላስረዳችሁ፤ ማስረዳት ነፍሴ ነው። ግምትህን ከማስረከብህ በፊት ሌላ ገማች አይቶ ስህተትህን ነቅሶ ያወጣልሃል። ስታሳየው ግን የደንበኛህ ማንነት እንዳይታወቅ ታደርጋለህ፤ ካልቻልክ ደንበኛውን ታስፈቅዳለህ። ይኼ ምን ይከብዳል?

እትዬ ብርቄ ሲቀላ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን አስገመቱኝ። ሸጠው ሐዋሳ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው። "አንተ ልጅ፣ የባሌ ወንድሞች ከሰሙ አለቀልኝ" አሉኝ። ወንድሞቹ ያሉት ደጋው ላይ ኦቾሎ ነው። የወንድማቸው ቤት ለባዳ ሊሸጥ ነው ሲባል ከሰሙ ሽማግሌ ይዘው ይወርዳሉ፤ ሽማግሌዎቹም እርጥብ ሳር ይዘው ይንበረከካሉ። ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው እንቢ ማለት ደግሞ በጋሞ የማይታሰብ ነው። ውል በሉት፣ ፍርድ ቤት በሉት፣ ሁሉም ከዚያች ሳር በታች ነው።

ስለዚህ ተጠነቀቅኩ። ስማቸውን ደለዝኩ፣ የካርታ ቁጥሩን ደለዝኩ፣ ቀበሌውን ደለዝኩ። ገምጋሚም ከከተማችን አልመረጥኩም፤ ካምባ ላለ አንጋፋ ገማች በቴሌግራም ላክሁለት። ብቻ ማብራራት ስለምወድ፣ "በግቢው የሟች ባለቤት የሽመና ጉድጓድ ይገኛል፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የራሱ የመብራት ቆጣሪ አለው" የምትል ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ ነበር።

ሰውዬው ደወለ። "እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ የሠርጌን ጋቢ አሠርቻለሁ" አለኝ። እውነትም ባለ ቆጣሪ የሽመና ጉድጓድ በዞኑ ስንት አለ? እሱ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ማንበቡን እንዳቆመ፣ ፋይሉን እንዳጠፋው፣ ከእሱ አፍ ምንም እንደማይወጣ ነገረኝ። "አንተ ግን ዛሬውኑ ሄደህ ንገራቸው" ብሎ ዘጋው።

ሄድኩ? በራቸው ድረስ ሄድኩ። እጄ ማንኳኳት እንቢ አለ። ያኔ ፈሪ ጭንቅላቴ አንድ ታላቅ ሐሳብ ወለደ፤ ከመናዘዜ በፊት ወሬው መውጣት አለመውጣቱን ለምን አላጣራም? ጎረቤት ያለችውን ባለሱቅ ስለ እትዬ ብርቄ ቤት የሰማችው ነገር እንዳለ ጠየቅኳት። "ምን ሆነ ደግሞ?" አለች። "ኧረ ምንም! ሊሸጡ ነው ያለ ሰው አለ እንዴ ብዬ ነው" አልኳት። የለም። ከጫሞ ዓሣ የምታመጣውንም ሴትዮ ጠየቅኩ፣ የባጃጅ ሹፌሩንም ጠየቅኩ። ማንም አልሰማም! እንዲያም ሆኖ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ አብሮ ይጮኽ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ስምንት ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ተንበርክከዋል። በየእጃቸው እርጥብ ሳር። እትዬ ብርቄ በረንዳው ላይ ቆመው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ሐዋሳ በዚያች ደቂቃ ቀረች።

አዩኝ። "ማነው የነገራቸው?" አሉኝ። የካምባው ሰውዬ ነው ማለት እችል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ከመንገዱ ዳር አንድ እፍኝ ሳር ነጨሁና ከሽማግሌዎቹ ጎን ተንበረከክኩ። "እኔ ነኝ፣ እትዬ" አልኩ።

ሽማግሌዎቹን ቃኝተው ወደ እኔ ዞሩና፣ "እነሱንስ እሺ። አንተን እንቢ ማለት ብችል ምንኛ ደስ ባለኝ! ተነስ" አሉኝ።

እናንተም ሞክሩት። አንድ ቤት እንደ ገማች ጻፉ፤ ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ሰፈሩን ደልዙና ሩቅ ላለ ወዳጅ ላኩ። "የማን ቤት ነው?" ብሎ ከጠየቃችሁ ጎበዝ ናችሁ። "እናትህ ደህና ናት?" ብሎ ከጠየቃችሁ ግን ገና ምኑንም አልደለዛችሁም። ዛሬውኑ ሞክሩት፤ በራሳችሁ ቤት ብቻ።